የጉማራው አኻያና «የባቢሎኑ» አኻያ በምን ይለያሉ?

ጥያቄው የመጣው ከፎገራ ነው። ጠያቂው ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸው ከጉማራ ወንዝ ጋር ይዋሰናል። ወንዙ በየክረምቱ ሲሞላ ዳሩን እየናደ መሬታቸውን ይወስድባቸዋል። እስካሁን ዳሩን ይዞ ያቆየላቸው አባቶቻቸው አኻያ ሲሉት የኖሩት ቁጥቋጦ ነው። ዘንድሮ ግን ችግኝ ይዞ የመጣ ሰው «የእናንተ የዱር ቁጥቋጦ ነው፤ እውነተኛው አኻያ የባቢሎኑ ነው፤ ያንን መንጥራችሁ ይህን ትከሉ» አላቸው። አምስት ፎቶ ልከው እንዲህ ይጠይቃሉ፦ የኛ ቁጥቋጦ ምንድን ነው? ከመጣው ችግኝ በምን ይለያል? ደግሞስ አንዱ ቁጥቋጦ ጥጥ ሲያወጣ ጎኑ ያለው ጭራሽ አያወጣም፤ ሁለት ዓይነት ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እባክዎ ቁጥቋጦውን አይመንጥሩ። ከፎቶ 1 እስከ 4 የሚታየው የአገራችን አኻያ ነው፤ ከዚህ ከወንዙ ጋር አብሮ የኖረ። የመጣልዎት ችግኝም አኻያ መሆኑ ሐሰት አይደለም፤ ግን ከቻይና የተነሣ፣ ለግቢና ለመናፈሻ ውበት የሚተከል ዘመዱ ነው። አንዱን እውነተኛ ሌላውን የዱር የሚያሰኝ ነገር የለም። ፎቶ 5 ከሁለቱም ስላይደለ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በስሙ ላይ የተፈጠረው ግርታ የእርስዎም የዚያ ሰውም ጥፋት አይደለም፤ ከ270 ዓመት በፊት የተሠራ ስሕተት ነው። በመዝሙረ ዳዊት እንደምናነበው በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ምርኮኞች መሰንቆአቸውን የሰቀሉት በአኻያ ዛፍ ላይ ነው። ስዊድናዊው የዕጽዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቅርንጫፉ እንደ ፀጉር ወደ መሬት የሚወርደውን አኻያ ሲሰይም ይህን መዝሙር አስቦ «ሳሊክስ ባቢሎኒካ» አለው፤ የባቢሎን አኻያ ማለት ነው። ዛፉ ግን ትውልዱ ቻይና ነው፤ ወደ ምዕራብ የደረሰው በሰው እጅ ነው። በኤፍራጥስ ዳር የበቀለውንና መሰንቆ የተሰቀለበትን ዛፍ ብዙ ሊቃውንት ዛሬ የኤፍራጥስ ፖፕላር የተባለ ሌላ ዛፍ ነው ይላሉ። የዚያ ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ያየው ሰው አኻያ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሲጎለምስ የሚያወጣው ቅጠል ግን ሰፊና ክብ ቢጤ ነው።

ስለዚህ «የባቢሎን» የሚለው ስም የዕድሜም የትክክለኛነትም ማስረጃ አይሆንም። አኻያ የሚለው ቃል ግን የእኛው ነው፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ሰው ያየው፣ የጠራው ዛፍ ስም ነው። አሃያ ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ልዩነቱ የፊደል ብቻ ነው። በኦሮምኛ አላልቱ ይባላል። መጻሕፍት ሲያገላብጡ ደግሞ ሁለት የሳይንስ ስም ያጋጥምዎታልና እንዳይደናገሩ፦ ቆየት ያሉት «ሳሊክስ ሰብሴራታ» ይሉታል፣ አዳዲሶቹ «ሳሊክስ ሙክሮናታ»። የመጀመሪያውን ስም ጀርመናዊው የዕጽዋት ሊቅ ቪልደኖቭ በ1806 አወጣው፤ ሁለተኛውን ስዊድናዊው ቱንበርግ በደቡብ አፍሪካ ባገኘው ተክል ላይ ተመሥርቶ በ1794 ሰጥቶት ነበር፤ ሁለቱም ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኋላ ሲመረመር ከግብፅ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚዘልቀው አንድ ሰፊ ዝርያ ነው ተባለና ቀድሞ የወጣው ስም ጸና፤ የእኛው በሥሩ እንደ ንዑስ ዝርያ ተቆጠረ። ሰብሴራታ ማለት «ጥቂት መጋዝ የመሰለ» ማለት ነው። ይህቺን ቃል ያዟት፣ ቅጠሉ ላይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ጥጡ ልምጣ፤ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው አጠገቡ እያለፈ የማያየውን አይተዋል። ቁጥቋጦዎቹ ሁለት ዓይነት አይደሉም፤ ወንድና ሴት ናቸው። አኻያ እንደ ፓፓያ ነው፦ አንዱ ግንድ ወንዴ አበባ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ አበባ ብቻ ያወጣል። አበባው ደማቅ ቅጠል የለውም፤ በጣት ርዝመት የምትሆን፣ ጭራ የምትመስል ዘለላ ናት፤ አዲስ ቅጠል ከሚያወጣ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ያገኟታል። የወንዱ ዘለላ ቢጫ ነው፤ ሲነካ ብናኝ ጣት ላይ ይቀራል፤ ንብ ይወደዋል። የወንዱ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃና ዘለላው ደርቆ ይረግፋል። የሴቷ ዘለላ አረንጓዴ ናት፤ ከንብ ብናኝ ከተቀበለች በኋላ በላይዋ የተደረደሩት ጥቃቅን ፍሬዎች እያበጡ ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ እያንዳንዷ ፍሬ ለሁለት ትሰነጠቅና ነጭ ጥጥ የለበሱ፣ ዐይን በግድ የሚያያቸው ዘሮች ይወጣሉ። በፎቶ 2 ላይ ያለችው ሴቷ ናት፤ በፎቶ 3 ላይ ያለው ወንዱ ነው። ጥጡ ዘሩን በነፋስና በውሃ የሚያጓጉዝለት ክንፉ ነው። ዘሯ ስንቅ የላትም፦ በጥቂት ቀናት ውስጥ እርጥብ፣ አረም ያልወረሰው ደለል ካላገኘች ትሞታለች። ጎርፍ ከሸሸ በኋላ በሚቀረው ትኩስ ደለል ላይ ችምችም ብለው የሚወጡትን ቀጫጭን ችግኞች አይተው ከሆነ የሴቷ ልጆች ናቸው።

ይህ የወንድና የሴት ነገር ለመለየትም ለመትከልም ቁልፍ ስለሆነ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

እንዴት ይለዩ? ብዙ ሰው ወደ ቅጠል ይሮጣል፤ እኔም ያንን ሳደርግ ተሳስቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ አንዱ ቅጠሉ ሰፊና ጥርሱ የጎላ፣ ሌላው ጠባብና ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ ስላገኘሁት ሁለት የተለያየ ስም ጻፍኩባቸው። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የተነሡ ሆነው አገኘኋቸው፦ አንደኛው ከብት በልቶት ወይም ሰው ቆርጦት ዳግም ያቆጠቆጠ ቀንበጥ፣ ሌላኛው ያረጀ ቅርንጫፍ። አኻያ ሲቆረጥ የሚያወጣው ቀንበጥ ቅጠሉ ትልቅና ጥርሱ የሚታይ ይሆናል። ስለዚህ ቅጠል የሚያዩ ከሆነ ሁልጊዜ ካልተቆረጠ፣ ካደገ ቅርንጫፍ መሐል ይውሰዱ።

ከዚያ ያገኙት ቅጠል የእኛው ከሆነ ላዩ አረንጓዴ፣ ታቹ ነጣ ወይም አመድማ ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጥርስ ደቃቅና ጥልቀት የሌለው፣ አንዳንዴም በጣት ሲዳስሱት እንኳ የማይሰማ ነው፤ «ጥቂት መጋዝ የመሰለ» ያሰኘው ይኸው ነው። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ሳይሆን አንዱ በአንድ በኩል፣ ቀጣዩ በሌላ በኩል እየተፈራረቁ ይወጣሉ። አጭሯ የቅጠል ዘንግ ብዙ ጊዜ ቀላ ትላለች፤ ለጋ ቀንበጡም እንዲሁ። የቻይናው ዘመድ ቅጠሉ ይበልጥ የረዘመ ነው፤ ጫፉም ቀስ እያለ ቀጥኖ ቀጥኖ እንደ መርፌ ይጨርሳል። ጠርዙ በጥርስ የተሞላ ነው። በነዚህ ብቻ ግን አይፍረዱ፣ ይደራረባሉና።

የቅርንጫፉ አወራረድ ከቅጠሉ ይሻላል። የቻይናው ቅርንጫፎች እንደ ገመድ ቀጥ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ትልቅ ሲሆን መሬት ይጠርጋል። የእኛው ቅርንጫፍ ወደ ላይና ወደ ጎን ይወጣና ጫፉ ብቻ ዘንበል ይላል። የእርስዎ ፎቶ 1 ላይ ግንዱ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ሆኖ የወጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ከብት ካልነካው ግን ይኸው ቁጥቋጦ ከ6 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ይሆናል። ያም ሆኖ አንድ ፍሬ ለጋ ችግኝ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ለመጣ ሰው አወራረዱ አይታይም። ያኔ ምን ይደረግ?

ያኔ አበባ ይጠበቃል። ወንዴው ዘለላ ላይ ከሚታዩት ጥቃቅን አበቦች አንዷን ብቻ በመርፌ ነጥለው በአጉሊ መነጽር ይዩ። በጫፋቸው ቢጫ ብናኝ የተሸከሙ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ይቁጠሯቸው። የቻይናው በአንዲት አበባ 2 ክር ብቻ ነው ያለው። የእኛው ከ2 ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ 4 እና ከዚያ በላይ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚታመን ምልክት ገበሬ በእጁ ይዞ የሚያየው የለም። አጉሊ መነጽሩን ቢገዙ ይጠቀሙበታል። ዘለላው ሴቴ ከሆነ ደግሞ ፍሬዋን ይዩ፦ የእኛው ፍሬ ከዘለላው ግንድ ጋር የሚያያይዛት ግልጽ የሆነች አጭር እግር አላት፤ የቻይናው ፍሬ እግር የላትም ማለት ይቻላል፣ ግንዱ ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች።

የሚሳሳቱባቸው ሌሎች ዕፅዋትም አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ክትክታ ቅጠሉ ጠባብ ስለሆነ ያሳስታል፤ ግን ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ፍሬው ወረቀት የመሰለ ክንፍ አለው፣ ቦታውም ደረቅ ተዳፋት እንጂ ወንዝ ውስጥ አይደለም። አንፋር ወንዝ ዳር ይገኛል፤ ቅጠሎቹ ግን ፊት ለፊት ጥንድ ናቸው፣ ታቻቸው ደግሞ እንደ ሱፍ ጸጉራም ነው። በሰሜን የአገራችን ክፍል ለመሬት ጥበቃ በብዛት የተተከለው አካሻ ሳሊግና ስሙ ራሱ «አኻያ መሰል» ማለት ነው፤ የትውልድ ቦታው አውስትራሊያ ነው። ቢጫ ድቡልቡል አበባውና ባቄላ መሰል ፍሬው ወዲያው ያጋልጡታል፤ አበባ ከሌለው ደግሞ ጠርዙ ጥርስ የለውም።

የእውነት የሥጋ ዘመዱን ማወቅ ከፈለጉ ግን ሩቅ አይሂዱ፦ ኮሽም ነው። እሾሃሙ፣ ፍሬው የሚበላው ኮሽም ከአኻያ ጋር በአንድ ቤተሰብ ተመድቧል። ቀድሞ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነበር፤ ዲኤንኤው ሲመረመር ወደ አኻያ ቤት መጣ። በመልክ የሚመሳሰሉበት ነገር የለም፤ አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፤ ኮሽምም ወንድና ሴት ግንድ አለው። አንዳንድ ሰው ግቢው ያለው ኮሽም አላፈራ ብሎ የሚያማርረው በዚህ ነው።

ወደ መትከሉ ልምጣ፤ ልብዎ ያለው እዚያ ነውና። አኻያ ለወንዝ ዳር ከሚመረጡት አንዱ የሆነው ሥሩ ውሃ ስለማይጠላና ቁራጩ እንደ ተተከለ ሥር ስለሚያወጣ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ፣ ጤነኛ ቁራጭ ያዘጋጁ። ታችኛውን ጫፍ አሹለው ይቁረጡ፣ ላይኛውን ግን ጠፍጣፋ አድርገው፤ በኋላ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ አይጠፋዎትም። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ይደክማልና ይህን ቀላል ነገር አይናቁት። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ያስገቡ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ቡቃያ ዓይን ይቅር። በዕለቱ ካልተከሉት ታችኛውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው ጥላ ሥር ያቆዩት። ለእርስዎ ወንዝ የምመክረው ጎርፉ ሸሽቶ ዳሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ መትከል ነው፤ ቀጣዩ ክረምት እስኪመጣ ሥር ሰዶ ይጠብቃል። ክረምት መግቢያ ላይ የተተከለን ቁራጭ የጉማራ ሙላት ነቅሎ ይወስደዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ከከብት ይጠብቁት፤ ከብት ይወደዋል።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ የመሬት ጥበቃ ሥራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ ሲተከል ነበርኩ። ሥራውን የሚመሩት ሰዎች በቅንነት ነው የሠሩት፤ ግን ለመንገድ ቅርብ ስለሆነ ቁራጩን ሁሉ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ቆረጡት። ዛፉ ወንድ ነበር። ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ በዚያ ወንዝ ዳር የቆመው ሁሉ ወንድ ሆነ፦ ከዓመታት በኋላ ስመለስ ዛፎቹ ቆመዋል፣ አንዲት ጥጥ ግን አልነበረችም፤ ጎርፍ ትኩስ ደለል ሲያመጣ አንድም ችግኝ አልወጣበትም። ሁሉም አንድ አካል በመሆናቸው ደግሞ አንዱን ያጠቃው ቅርፊት ቦርቧሪ ትል ሁሉንም እኩል አጠቃቸው። ያንን ዳር ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ አንድ ሰው አበባውን ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ ይድን ነበር።

ስለዚህ ከአንድ ግንድ አይቁረጡ። በጉማራ ዳር ወደ ላይና ወደ ታች ሄደው ከ10 ካላነሱ ቁጥቋጦዎች፣ ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ። አበባ በሚያወጣበት ወቅት በወንዱ ላይ ቢጫ፣ በሴቷ ላይ ነጭ ክር እየጠለፉ ምልክት ያድርጉ፤ መቁረጫው ጊዜ ሲደርስ አይደናገሩም።

የመጣልዎትን ችግኝ ግቢዎ ውስጥ፣ ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ ቢተክሉት ጥላው ደስ ይላል፤ ክፋት የለበትም። ወንዝ ዳር ግን አልመክርዎትም። ከውጭ የገቡ አኻያዎች ወንዝ ላይ ሲለቀቁ ምን እንደሚያደርጉ አውስትራሊያ ታስተምራለች፦ ለዳር መከላከያ ብለው ከአውሮፓና ከእስያ ያስገቧቸው በርካታ አኻያዎች ቅርንጫፋቸው እየተሰበረ፣ ጎርፍ እየወሰደው፣ በደረሰበት ሥር እየሰደደ የወንዝ መሐል ሞሉ፤ ዛሬ የአገሪቱ መንግሥት አብዛኞቹን በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚዋጋቸው ዋና ዋና አረሞች ጋር ይመድባቸዋል። የእኛውን አኻያ እንኳ ቢሆን ዳር ላይ እንጂ ወንዙ መሐል ደለል ላይ አይትከሉ፤ ውሃው መንገዱ ጠብቦት ወደ ማዶው ማሳ ዞሮ ይበላል፣ የጎረቤትዎን መሬት ያስወስዳሉ። ዳሩ ከሥር ተቦርቡሮ ገደል የሆነበት ቦታ ደግሞ አኻያ ብቻውን አይችለውም፤ መጀመሪያ ድንጋይ መደርደር አለበት፣ አኻያው በድንጋዮቹ መሐል ይሰካል።

ልጆችዎ ቅርፊቱን ያኝኩታል ብለው በጨረፍታ ጽፈዋል። መራራነቱ ሳሊሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙ ራሱ ሳሊክስ ከሚለው የወጣ ነው፤ በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስፕሪን የተሠራውም ይህን መንገድ ተከትሎ ነው። ጥርስ መፋቂያ ቢያደርጉት አይጎዳቸውም፤ ትኩሳት ላለበት ልጅ ቀቅሎ ማጠጣት ግን አደጋ አለው፣ ጨጓራ ለሚያመውም ሰው እንዲሁ። ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ፎቶ 5ን ቃል በገባሁት መሠረት ልመልስ። እሱ አኻያ አይደለም፤ ለጋ ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ተንጠልጣይ ስለሆነ ከርቀት ያሳስታል። ቅጠሉን በእጅዎ ይሹት፤ ሽታው ይነግርዎታል። ላዩና ታቹ አንድ ዓይነት ቀለም ነው፣ ጠርዙም ጥርስ የለውም፣ ፀሐይ ላይ አድርገው ቢያዩት የዘይት ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዘሩ በጎርፍ መጥቶ ይሆናል። ገና ትንሽ ሳለ ከአኻያዎቹ መሐል ይንቀሉት፤ ሥሩ እያደገ ሲሄድ ውሃ ይሻማቸዋል።

አሁንም ጥርጣሬ ካለዎት ናሙና ያዘጋጁ። ያልተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠልና ዘለላ አብረው ያሉበት፣ አንድ ከወንዱ አንድ ከሴቷ፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግተው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ በየቀኑ ጋዜጣውን በደረቅ ይቀይሩ። በወረቀት ላይ የወንዙን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ የግንዱን ቁመትና በአካባቢው የሚጠራበትን ስም ይጻፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ የዕጽዋት ናሙና ማዕከል ከ1959 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአገሪቱን ዕጽዋት እየሰበሰበ ይጠብቃል። የሚቀጥለው አበባ ሲወጣ ክሮቹን ቆጥረው ቁጥሩን ይጻፉልኝ፤ ከወንዱ አምስት አበባ፣ ከተለያየ ዘለላ።